ግልጽ ደብዳቤ፦ “ስፖርት ነክ ትምህርት አይካተትም” ላላችሁን

ለማኅበራችን የቦርድ አባላትና ለስኮላርሺፕ ኮሚቴው
ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው

የተከበራችሁ የቦርድና የኮሚቴ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አሥራ አንድ ሰዎችን ወክዬ ነው። ገሚሶቻችን በዚህ አካባቢ ባሉ ኮሌጆች የአትሌቲክስ ዲፓርትመንት ውስጥ እንሠራለን። የቀሩት ወደዚያው ለመግባት እየተማሩ ነው። ሁላችንም የማኅበሩ አባላት ወይም የአባላት ልጆች ነን። መጀመሪያ በኢሜይል ጻፍንላችሁ። መልስ የለም። ቀጥሎ በጸሐፊው በኩል ሞከርን። “ለቦርዱ አቀርባለሁ” አሉን። ሦስት ወር አለፈ። እንግዲህ በአደባባይ ከመጻፍ ሌላ ምን ቀረን?

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ማኅበሩ በየዓመቱ ለኮሌጅ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ገንዘቡ ከአባላት መዋጮና ከእንቁጣጣሽ በዓል ቲኬት የሚሰበሰብ ነው። በዘንድሮው ማስታወቂያ ላይ አምና ያልነበረ አንድ መስመር ገባ፦ “ስፖርትና መዝናኛ ነክ ትምህርቶች አይካተቱም።” በዚህች መስመር ምክንያት የሦስት ልጆች ማመልከቻ ሳይነበብ ተመለሰ። ለሙያ ቀን ዝግጅታችሁም ጠረጴዛ ጠይቀን ነበር። ለነርሶች፣ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ ቤት ለሚያሻሽጡ ደላሎች ሳይቀር ጠረጴዛ ተሰጠ። እኛ “ከእግር ኳስ ቡድኑ ልጆች ጋር ውጭ ቁሙ” ተባልን። ውጭ ደግሞ ይዘንብ ነበር።

ችግሩ ከአንድ ቃል የሚጀምር ይመስለኛል። በእኛ ቋንቋ “አትሌቲክስ” ማለት ሩጫ ነው። ኃይሌ ነው፣ ደራርቱ ነች፣ ቀነኒሳ ነው። እኔ “ኮሌጅ አትሌቲክስ ውስጥ ነው የምሠራው” ስል አንድ አባት ከላይ እስከ ታች አዩኝና “ልጄ፣ ስንት ሜትር ነው የምትሮጪው?” አሉኝ። የምሮጠው ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቢሮዬ ነው። እዚህ አገር ግን ቃሉ ሌላ ነገር ይዟል። የኮሌጅ አትሌቲክስ ዲፓርትመንት ማለት ቅርጫት ኳሱን፣ እግር ኳሱን፣ ዋናውን፣ ቴኒሱን፣ ሩጫውንም ጭምር የሚያስተዳድር አንድ መሥሪያ ቤት ነው። በጀት አለው። ሠራተኛ አለው። ሕንፃና ሜዳ ያስተዳድራል። በብዙ ኮሌጆች የዳይሬክተሩ ተጠሪነት በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ነው።

ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ከ1906 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛሬ ወደ 1,100 የሚጠጉ ኮሌጆች በሦስት ዲቪዚዮን ተከፍለው በሥሩ ይወዳደራሉ። ተማሪ ስፖርተኞቹ ከ500,000 በላይ ናቸው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአብዛኞቻችሁ ቤት ብዙ ሳይርቅ ጆርጅታውን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ አሜሪካን፣ ሀዋርድ፣ ሜሪላንድና ጆርጅ ሜሰን አሉ። ስድስቱም ዲቪዚዮን አንድ፣ ማለትም ከፍተኛው ደረጃ ላይ፣ ናቸው። በእያንዳንዱ ግቢ ትኬት የሚሸጥ፣ ሜዳ የሚያዘጋጅ፣ የተጫዋቹን ትምህርት የሚከታተል፣ የተጎዳውን የሚያክም፣ ከለጋሽ ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ ለጋዜጠኛ ውጤት የሚልክ፣ ጉዞ የሚያመቻች ሰው ደመወዝ ይበላል። ልጆቻችሁ በዚህ ሁሉ ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላሉ። እናንተ ግን የምታዩት ኳሱን ብቻ ነው።

የእኔን ሥራ ምሳሌ ልውሰድ። ኮምፕላያንስ ይባላል። ደንብ ማስከበር ማለት ነው። በዲቪዚዮን አንድ ያለ ተጫዋች በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ልምምድ አይሠራም። በቀን ከ4 ሰዓት አያልፍም። በሳምንት አንድ ቀን ማረፍ አለበት። አሠልጣኙ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማሸነፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰዓቱን የሚቆጥር ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ትምህርቱም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ የዲግሪውን 40 በመቶ፣ ሦስተኛውን ሲጨርስ 60፣ አራተኛውን ሲጨርስ 80 በመቶ ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል። ባዮሎጂ ጀምሮ በመሀል ወደ ቢዝነስ የዞረ ልጅ ብዙ ኮርስ ወስዶ እንኳ መቶኛው ላይሞላለት ይችላል። ያንን አስቀድሞ ማየትና ማስጠንቀቅ የእኛ ሥራ ነው። ብቁ ያልሆነ ተጫዋች ተሰልፎ ከተገኘ ቡድኑ ያሸነፈው ጨዋታ ሊሰረዝ ይችላል። አሠልጣኝ ደግሞ ድሉን ያሰረዘበትን ሰው አይረሳም።

አባቴ የእድር ጸሐፊ ነበሩ። ማን ቀረ፣ ማን ዘገየ፣ ማን ስንት ተቀጣ ብለው በደብተር ይይዛሉ። ሥራዬን ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ከለፋሁ በኋላ “እንግዲያውስ የእድር ጸሐፊ ነሽ በለኛ!” አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

ትምህርቱም ትናንት የተፈበረከ አይደለም። ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አስተዳደር ማስተርስ ማስተማር የጀመረው በ1966 ነው። ከሐሳቡ ጀርባ የነበሩት የዶጀርስ ቤዝቦል ክለብ ባለቤት ዋልተር ኦማሊና ጄምስ ሜሰን የሚባሉ መምህር ናቸው። ክለብ መምራት የሚችል የተማረ ሰው ከየት ይምጣ የሚል ነበር ጥያቄያቸው።

አሁን ወደ ቅሬታችን ልግባ። ስም አልጠራም። ባለጉዳዮቹ ራሳቸውን ያውቃሉ፤ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ።

የመጀመሪያዋ አትሌቲክ ትሬኒንግ የምትማር ልጅ ነች። አትሌቲክ ትሬነር ማለት ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዛ ወደ ሜዳ የምትሮጠዋ ነች። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሙያውን እንደ ጤና ሙያ የተቀበለው በ1990 ነው። ዛሬ ወደ ሙያው ለመግባት ማስተርስ ያስፈልጋል። አናቶሚ፣ የአጥንትና የጡንቻ ጉዳት፣ የጭንቅላት ግጭት፣ የልብ ድንገተኛ አደጋ ትማራለች። ፈተና ተፈትና ትመዘገባለች። የእናንተ ማስታወቂያ ደግሞ “ለጤና ዘርፍ ቅድሚያ እንሰጣለን” ይላል። ልጅቷ ታዲያ ለምን ተመለሰች? ማመልከቻው ላይ “አትሌቲክ” የሚል ቃል ስላለ። ደውላ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ “ፊዚካል ቴራፒ ብትይ ኖሮ እናሳልፍሽ ነበር” የሚል ነው። ቃሉን እንድትቀይር መከሯት ማለት ነው። አልቀየረችም። ጎበዝ።

ይህችው ልጅ ማን እንደሆነች ላስታውሳችሁ። ባለፈው በጋ ማኅበሩ ባዘጋጀው የታዳጊዎች ውድድር ላይ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሙቀት መትቶት ወደቀ። ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ትልልቅ ሰዎች ከበቡት። አንዱ የውሃ ጠርሙስ ፊቱ ላይ ደፋ፣ አንዱ “መኪና አምጡ” ይላል፣ አንዲት እናት ያለቅሳሉ። እሷ ሰዉን ገፍታ ገባች። ከለስላሳ መጠጡ ማቀዝቀዣ በረዶውን አስገለበጠች። ፎጣ በረዶ ውሃ ውስጥ እየነከረች በላይ በላዩ አለበሰችው። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ መጫን ነው ደንቡ። አምቡላንስ እስኪደርስ እንዲህ ስታደርግ ቆየች። ልጁ ዛሬ ደህና ነው። አባቱ ሊያመሰግናት ቤቷ ድረስ ሄዷል።

ልጅቷን ለማሞገስ አይደለም ይህን የማነሳው። ውድድሩ ከመጀመሩ ሁለት ወር በፊት ሦስታችን ቀርበን ነበር። የድንገተኛ አደጋ ዕቅድ በነፃ ጽፈን ሰጠናችሁ። አምቡላንስ በየትኛው በር ይገባል፣ የልብ ማስነሻ መሣሪያው የት ይቀመጣል፣ ማን ይደውላል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ጨዋታው መቼ ይቋረጣል የሚል ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። በኮሌጅ ያለዚህ ወረቀት ልምምድ እንኳ አይጀመርም። አዘጋጅ ኮሚቴው “ጥሩ፣ ጥሩ” አለና በውድድሩ ቀን ውሃ የማመላለስ ሥራ ሰጠን። ውሃውን አመላለስን። ውሃ ማመላለስ አላሳፈረንም፤ ዲፓርትመንት ውስጥም የጀመርነው በዚያ ነው። የቆጨን ወረቀቱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል። ምክንያቱም እዚህ ሙያ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚያድግ ካላወቃችሁ ጉዳቱ አይገባችሁም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ልጁ ኮሌጅ እያለ በሰዓት ክፍያ ይጀምራል። ማልያ ያጥባል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ ካሜራ ይይዛል። ሲመረቅ ኢንተርን ይሆናል ወይም ግራጁየት አሲስታንት የሚባለውን ቦታ ያገኛል። ይህኛው ዋናው በር ነው። ኮሌጁ የማስተርስ ትምህርቱን ሙሉ ወይም ከፊል ይከፍልለታል፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ እሱ ዲፓርትመንት ውስጥ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ኮኦርዲኔተር፣ ረዳት ዳይሬክተር፣ አሶሺየት፣ እያለ ይወጣል። የዳይሬክተርነቱ ወንበር ላይ የሚደርሰው ጥቂት ሰው ነው። ግን በመሀል ያለው ደረጃም እንጀራ ነው።

በየደረጃው ደግሞ ከተማ መቀየር አለ። ከሜሪላንድ ወደ ካንሳስ፣ ከካንሳስ ወደ ኦሪገን። ክፍት ቦታው የሚወጣው በኤንሲኤኤ የሥራ ገበያ ድረ ገጽና ቲምወርክ ኦንላይን በሚባለው ላይ ነው። አንድ ቦታ ከተገኘ ቶሎ ዕቃ ጠቅልሎ መሄድ ነው። የቤተሰቡ ገንዘብ ያለው ልጅ ይሄዳል። የሌለው ይቀራል።

የእኛ ልጅ ቀረ። አባቱ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ያቆማል። ልጁ አራት ዓመት ሙሉ የዲፓርትመንቱ የዕቃ ክፍል ውስጥ ሠርቷል። የስፖርት ማኔጅመንት ዲግሪውን ይዟል። ባለፈው ስፕሪንግ በመካከለኛው ምዕራብ የሚገኝ አንድ ኮሌጅ ግራጁየት አሲስታንት አድርጎ ተቀበለው። ትምህርቱ በነፃ ነው። የጎደለው የመኪና ነዳጅ፣ የቤት መያዣና የመጀመሪያው ወር ኪራይ ነበር። ባጠቃላይ 2,400 ዶላር። ስኮላርሺፓችሁ 3,000 ነው። ማመልከቻው “ስፖርት ነክ” ተብሎ ተመለሰ። ኮሌጁ እስከ ጁላይ መጨረሻ ጠበቀው፤ ከዚያ ቦታውን ለሌላ ሰጠ። እኛም ተጠያቂ ነን። ችግሩን የነገረን ካለፈ በኋላ ነው፤ ቀድመን ብንሰማ አሥራ አንዳችን አዋጥተን ልንሸኘው እንችል ነበር። ዛሬ ሌሊት ሌሊት ኡበር ይነዳል። ነፃ የማስተርስ ዕድል በ2,400 ዶላር ተበላ።

ደመወዙን ልደብቅ አልፈልግም። መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ረጅም ነው። በፌዴራል ሕግ የኃላፊነት ሥራ ያለው የቢሮ ሠራተኛ ደመወዙ በዓመት 35,568 ዶላር ከደረሰ ትርፍ ሰዓት ላይከፈለው ይችላል። በጁላይ 2024 ወለሉ ወደ 43,888 ከፍ ብሎ ነበር። ያን ሰሞን ደስ ብሎን ቡና አፍልተናል። በኖቬምበር ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ዳኛ ደንቡን ሻረውና ወደ ነበርንበት ተመለስን። ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ ነው። መስቀል በኮሌጅ ፉትቦል (የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ) ወቅት ይውላል። ፋሲካ ከስፕሪንግ ሻምፒዮናዎች ጋር ይጋጫል። እኔ ሁለት ዓመት በተከታታይ ትንሣኤን ያሳለፍኩት ሶፍትቦል ሜዳ ላይ ነው። እናቴ ዶሮውን በፕላስቲክ ዕቃ ቋጥራ ትልክልኛለች። ቢሮው ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ አሠልጣኞቹ ግን ከእኔ በላይ ይጠብቁታል።

ታዲያ አንድ የቦርድ አባል በስልክ ያሉኝን ልጥቀስ፦ “ደመወዙ እንዲህ ከሆነ ልጆቹን ለምን ወደዚያ እንገፋለን?” ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ይህ ነው። ማንንም አትግፉ። የሄደውን ግን አትጎትቱ። ልጁ ከታች ባለው ደረጃ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት መቆየት ከቻለ ኑሮው ይቃናል፤ ኮሌጅ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የጤና ኢንሹራንስና ጡረታ ያገኛል፣ በብዙ ኮሌጆች ለልጆቹም የትምህርት ክፍያ ቅናሽ አለ። የሚያዳግተው መጀመሪያው ነው። እርዳታ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። እናንተ የምትረዱት ደግሞ ያለእናንተም የሚሳካለትን ፋርማሲ ተማሪ ነው። ፋርማሲስቶች አይቀየሙኝ።

ሦስተኛው ጉዳይ ከአገር ቤት የመጣች ተማሪ ነች። በተማሪ ቪዛ ነው ያለችው። የማኅበሩ አማካሪ “በዚህ ትምህርት ወረቀት አታገኚም፣ ወደ ኮምፒውተር ዙሪ” አሏት። ከፊሉ እውነት ነው። ስፖርት ማኔጅመንት በአብዛኛው ስቴም ከሚባሉት (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ትምህርቶች) ስለማይቆጠር ከምረቃ በኋላ የሚፈቀድላት የሥራ ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ የኮምፒውተር ተመራቂ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ያገኛል። ያልተነገራት ሌላው ግማሽ ነው። ኮሌጆች ሠራተኛ ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ሲቀጥሩ እንደ ሌሎች ቀጣሪዎች በየዓመቱ ዕጣ ውስጥ አይገቡም። ለትርፍ ያልቆመ ኮሌጅ ከኮታው ውጭ ነው። ይህ ለእንደሷ ያለ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በሴፕቴምበር 2025 በዚሁ ቪዛ ላይ የታወጀው የ100,000 ዶላር ክፍያ ነገሩን አክብዶታል፤ ማንን እንደሚነካ ለይቶ የሚነግራት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ነው። ለዚያም ነው “አይሆንም” ከማለት ይልቅ ወደ ጠበቃ መላክ የነበረባችሁ። አሁን የማትወደውን ኮርስ እየወሰደች ነው።

ከቦርዱ ሌላም ነገር ሰምተናል። “አሁን እኮ ኮሌጆች ለተጫዋች ሳይቀር እየከፈሉ ነው፤ ብር በብር ሆነዋል፤ እናንተን ለምን እንረዳለን?” የሚል። ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ጁን 6 ቀን 2025 አንድ የፌዴራል ዳኛ ተጫዋቾች በኤንሲኤኤ ላይ ያቀረቡትን “ሀውስ” የተባለውን ክስ የቋጨውን ስምምነት አጸደቁ። ለቀድሞ ተጫዋቾች ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሣ ይከፈላል። ከዚህም ሌላ ስምምነቱን የተቀበለ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለተጫዋቾቹ በቀጥታ መክፈል ይችላል።

ግን ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም። ከዚያው ከዲፓርትመንቱ በጀት ነው የሚወጣው። በትልልቆቹ ኮሌጆች አብዛኛው ወደ ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ይሄዳል። ተጫዋቹ ድርሻውን ማግኘቱን አልቃወምም፤ ዘግይቶበታል። ሒሳቡን የሚያወራርደው ማን ነው ብትሉ ግን በብዙ ቦታ ክፍት የሥራ መደብ ሳይሞላ ይቀራል፣ ኢንተርኑ ይቀነሳል፣ ትንንሾቹ ስፖርቶች ይታጠፋሉ። ስምምነቱን በተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ተነሥቶ በምትኩ የቡድን ብዛት ገደብ ተተክቷል። ለአገር አቋራጭ ሩጫ ገደቡ 17 ሰው ነው። ሩጫ የእኛ ልጆች ጓዳ ነው። ማሠልጠኛ ውስጥ አሥራ ስምንተኛ ሆኖ የሚጠብቅ አበሻ ልጅ ይህ ቁጥር በቀጥታ ይመለከተዋል። ያንን ቁጥር የሚያስረዳው ዘመድ ግን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የለውም።

በሌላ በኩል ይኸው ለውጥ ከአሥር ዓመት በፊት ያልነበሩ ሥራዎችን ወልዷል። ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ ማግኘት የቻሉት ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነው። የዝውውር መዝገቡ፣ ትራንስፈር ፖርታል የሚሉት፣ የተከፈተው በ2018 ነው። አሁን ውል የሚያነብ፣ የክፍያ ጣሪያ የሚያሰላ፣ ዝውውር የሚከታተል ሰው ይፈለጋል። ስታንፎርድ በ2024 መጨረሻ የቀድሞ ተጫዋቹን አንድሩ ለክን የፉትቦል ጄኔራል ማናጀር አድርጎ ቀጠረ። ከጥቂት ዓመት በፊት ኮሌጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ማዕረግ ብርቅ ነበር። አካውንቲንግ የተማረ፣ ሕግ የተማረ፣ ዳታ የሚያውቅ ልጅ እዚህ ቦታ አለው። ኮሚቴያችሁ የሚወዳቸው ትምህርቶች ማለት ናቸው።

የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ በስተግራ ካሉት ፎቶዎች አንዱ የይድነቃቸው ተሰማ ነው። ከመድረኩ ስትወርዱ ይታያችኋል። ሰውየው ተጫዋች ነበሩ። በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ አሠልጣኝ ነበሩ። ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉ ድረስ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ስፖርት አስተዳዳሪ ማለት ነው። ደራርቱም ከትራኩ ከወረደች በኋላ ፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርታለች። እኛን ውጭ ቁሙ ያላችሁን ከዚያ ፎቶ ሥር ቆማችሁ ነው።

እኛም ጥፋት አለብን። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ጓደኞቼ ይታዘቡኛል። በዚህ ከተማ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ጠቅላላ ጉባኤ የተገኘሁት ሁለት ጊዜ ነው። ጉባኤው ሁሌ በፎል ቅዳሜ ይጠራል፤ ለእኛ ደግሞ ፎል ቅዳሜ ማለት ለነርስ የሌሊት ተረኛነት እንደማለት ነው። ቢሆንም ተወካይ መላክ ነበረብን። መዋጮአቸውን ያዘገዩም በመሀላችን አሉ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተከፍሏል፤ ገንዘብ ያዡን ጠይቁ።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

“ስፖርትና መዝናኛ ነክ ትምህርቶች አይካተቱም” የምትለዋ መስመር ከማስታወቂያው ትውጣ። ልዩ ኮታ አንፈልግም። ማመልከቻችን እንደ ሌላው ተነብቦ ይውደቅ ወይም ይለፍ። ሳይነበቡ የተመለሱት ሦስቱ ማመልከቻዎችም ዳግም ይታዩ። በተለይ የአትሌቲክ ትሬኒንግ ተማሪዋ ጉዳይ በጤና ዘርፍ ይታይልን፤ እዚያ ነው ቦታው።

ከስኮላርሺፑ ገንዘብ ትንሽ ተቆርሶ ለጉዞና ለቤት መያዣ የሚሆን ፈጣን ብድር ይቋቋም። ለስፖርት ብቻ አይደለም። ሌላ ከተማ ኢንተርንሺፕ አግኝቶ የመሄጃ ላጣ ለማንኛውም ልጅ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሳኔ የሚሰጥበት፣ ሥራ ሲይዝ የሚመለስ። ሥራ ላይ ያለን እኛ የመጀመሪያውን 1,500 ዶላር አዋጥተናል። ገንዘቡ ተቀምጦ መልሳችሁን እየጠበቀ ነው።

በሚቀጥለው የሙያ ቀን አንድ ጠረጴዛ ይሰጠን፤ ጣሪያ ሥር። ልጆቹ መጀመሪያ በየትኛው ክፍል በሰዓት ክፍያ መግባት እንደሚችሉ፣ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የአትሌቲክስ ዳይሬክተሮች ማኅበር በየጁን በሚያደርገው ጉባኤ ላይ ተማሪ እንዴት እንደሚገኝ እናሳያለን። ወላጆች እንዲመጡ እንፈልጋለን። ልጅ እኮ ብዙ ጊዜ የሚፈራው አባቱን ነው።

የዘንድሮው የታዳጊዎች ውድድር ያለ ድንገተኛ አደጋ ዕቅድ እንዳይጀመር ቦርዱ ይወስን። ዕቅዱ ተጽፏል። ሁለት ገጽ ነው። ባለፈው ዓመት የሰጠናችሁ ከጠፋ ሌላ ኮፒ አለን። በውድድሩ ቀን ሦስት ሰው በነፃ እንመድባለን፤ ከሦስቱ አንዱ ፈቃድ ያለው አትሌቲክ ትሬነር ይሆናል። ውሃውንም እናመላልሳለን።

መልሳችሁን በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ብትሰጡን እንመርጣለን። በአካል እንነጋገር ካላችሁም እንመጣለን፤ ከቅዳሜ ሌላ በማንኛውም ቀን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአንድ ዲቪዚዮን አንድ ኮሌጅ የኮምፕላያንስ ረዳት ዳይሬክተር
የማኅበሩ አባል
በዋሽንግተን አካባቢ በኮሌጅ አትሌቲክስ ዲፓርትመንት የሚሠሩና የሚማሩ አሥራ አንድ ኢትዮጵያውያንን በመወከል